ከኮዱ በፊት ፍተሻው፦ የሶፍትዌር ባለሙያዎችን የሥራ ጭንቀት የሚያቃልለው ስልት

ጂቡቲ ከተማ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች። በእነዚህ ሁለት ቀናት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ከከተማዋ በስተምዕራብ በዶራሌ የቆሙት ክሬኖች ግን ኮንቴይነር ማውረድና መጫናቸውን አያቋርጡም። በዚያው ዓርብ አዲስ አበባ በሥራ ላይ ናት። አስመጪው ዕቃው የት እንደደረሰ ይጠይቃል፤ ትራንዚተሩ የጉምሩክ ሰነድ ያስገባል፤ የጭነት መኪናና የባቡር መርሐ ግብር ይዘጋጃል። እሑድ ሲሆን ተራው ይገለበጣል፤ ጂቡቲ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አዲስ አበባ ታርፋለች።

ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በጂቡቲ ወደቦች ያልፋል። ሸቀጡን ግን መረጃው ይቀድመዋል። የጭነቱ ዝርዝር፣ የጉምሩክ መግለጫው፣ የክፍያው ማረጋገጫ፣ የመኪናው የሰሌዳ ቁጥር ሁሉ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይተላለፋል። ይህ ሰንሰለት በአንዱ ቀለበቱ ላይ ቢበጠስ ኮንቴይነሩ ባለበት ይቆማል፤ ቀኑ በጨመረ ቁጥርም የወደብ ኪራዩና በተለምዶ ዲመሬጅ የሚባለው የማቆያ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ይቆጠራል።

እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌሊት ሲበላሽ ስልኩ የሚጠራው የሶፍትዌር ባለሙያው ነው። ችግሩን እስኪፈታ እንቅልፍ የለውም። ከፈታውም በኋላ፣ ያስተካከለው ነገር ሌላ ነገር አበላሽቶ እንደሆነ እያሰበ ሊያነጋ ይችላል። ይህን ጭንቀት ያቃልላሉ ከሚባሉት የአሠራር ስልቶች አንዱ በፍተሻ የሚመራ የሶፍትዌር ግንባታ፣ በባለሙያዎች አጠራር ቲዲዲ ነው። ኮዱ ከመጻፉ በፊት ኮዱን የሚፈትነው ፍተሻ ይጻፍ የሚለው ይህ ስልት እንዴት ይሠራል? ለሠራተኛው የአእምሮ ዕረፍትስ ምን ያህል ይጠቅማል?

ጭንቀቱ ከየት ይመጣል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሥራ ምክንያት የሚመጣን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ አስፍሮታል። ድርጅቱ በሽታ ብሎ አልመደበውም፤ በአግባቡ ያልተያዘ፣ ሥር የሰደደ የሥራ ጭንቀት ውጤት መሆኑን ግን ገልጿል። መገለጫዎቹም ሦስት ናቸው፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የመሥራት ብቃት እንደቀነሰ መሰማት።

ለሥራ ጭንቀት ከተሰጡት ማብራሪያዎች መካከል በስፋት የሚታወቀው አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ነው። በካራሴክ ትንታኔ መሠረት ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው የሁለት ነገሮች መገጣጠም ነው፤ ብዙ መጠየቅና በሚሠሩት ሥራ ላይ በቂ የመወሰን አቅም ማጣት። ብዙ ሥራ ያለበት ነገር ግን ልጓሙን የያዘ ሰው ይደክመዋል እንጂ እምብዛም አይጨነቅም። ብዙ እየተጠየቀ ልጓሙን ያልያዘው ግን ይበልጥ ይጎዳል።

የሶፍትዌር ሥራ ለሁለተኛው ዓይነት ሁኔታ የተጋለጠ ነው። አንድ ትልቅ ሥርዓት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር የኮድ መስመር ሊኖረው ይችላል። ከፊሉን የጻፉት ሰዎች መሥሪያ ቤቱን ለቅቀው ሄደዋል። ክፍያ የሚያሰላውን መስመር የነካ ሰው ደረሰኝ የሚያትመውን ሊያበላሽ ይችላል፤ መበላሸቱ የሚታወቀውም ደንበኛ ሲያማርር ነው። ባለሙያው ሥራውን ጨርሷል ይባላል፤ እርሱ ግን መጨረሱን እርግጠኛ አይደለም። ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ይህንን ጥርጣሬ ነው።

አንድ የሶፍትዌር ስህተት በምን ያህል ፍጥነት ወደ ሕዝብ እንደሚደርስ ለመረዳት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ገጠመኝ ማስታወስ ይበቃል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመጋቢት 7 አጥቢያ በባንኩ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዘዋወር ችለው ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት ገልጾ፣ በዚያች ሌሊት አለአግባብ የወጣውና የተዘዋወረው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር አስታውቋል። የተማሪዎቹ ሰልፍና ገንዘቡን የማስመለሱ ዘመቻ ለሳምንታት መነጋገሪያ ሆነ። እንዲህ ባሉ ሥርዓቶች ላይ በየዕለቱ ለውጥ የሚያደርጉ ባለሙያዎች የሚሸከሙት ኃላፊነት ምን ያህል እንደሆነ ግን ብዙም አይነሳም።

ፍተሻን ማስቀደም ሲባል

በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ኮዱ ይጻፋል፣ ከዚያ ይፈተሻል። ፍተሻው ብዙውን ጊዜ የሚደረገው የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ ነው፤ ጊዜ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው። በፍተሻ የሚመራው ስልት ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል።

ሥራው በአጫጭር ዙሮች ይከናወናል፤ እያንዳንዱ ዙርም ሦስት እርምጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ባለሙያው ፕሮግራሙ ሊሠራ የሚገባውን አንድ ትንሽ ነገር መርጦ፣ ያንን የሚያረጋግጥ ፍተሻ ይጽፋል። ፍተሻው ራሱ ኮድ ነው፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ያስኬደዋል። ዋናው ኮድ ገና ስላልተጻፈ ፍተሻው ይወድቃል፤ በስክሪኑ ላይም ቀይ ምልክት ይታያል። በሁለተኛው እርምጃ ፍተሻውን ለማሳለፍ የሚበቃ ኮድ ብቻ ይጻፋል፤ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በሦስተኛው እርምጃ የተጻፈው ኮድ ይጠራል፤ የተደጋገመው ይሰበሰባል፣ የተወሳሰበው ይቀላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ፍተሻዎቹ ደግመው ደጋግመው ይኬዳሉ። አረንጓዴው እስካለ ድረስ በማጥራቱ ሂደት የተበላሸ የታወቀ ነገር የለም ማለት ነው። ከዚያ ቀጣዩ ዙር ይጀመራል።

አንዱ ዙር የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ትልቁ ሥርዓት የሚገነባው ከእነዚህ ጥቃቅን ዙሮች ነው።

ፍተሻው መጀመሪያ ሲወድቅ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ለብዙ ጀማሪዎች አይገባቸውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወድቆ የማያውቅ ፍተሻ ምንም ነገር የማይፈትሽ ሊሆን ይችላል። በሩ ሲገፋ ጮኾ የማያውቅ የማስጠንቀቂያ ደወል፣ ዝም ማለቱ የሰላም ይሁን የብልሽት አይታወቅም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ፍተሻን የማስቀደም ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰውን ወደ ጠፈር ለመላክ ባካሄደው የሜርኩሪ ፕሮጀክት፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎቹ ከእያንዳንዱ አነስተኛ የሥራ ክፍል በፊት ፍተሻውን ያዘጋጁ ነበር።

ስልቱን በዛሬ መልኩ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ኬንት ቤክ ነው። ቤክ ሐሳቡን እንዳልፈጠረውና መልሶ እንዳገኘው ይናገራል። በልጅነቱ ባነበበው አንድ የፕሮግራም መጽሐፍ ውስጥ፣ ኮምፒውተር በወረቀት ጥብጣብ በሚሠራበት ዘመን ባለሙያው ከፕሮግራሙ የሚጠብቀውን ውጤት አስቀድሞ በእጁ በጥብጣብ ላይ እንዲያዘጋጅ፣ ከዚያም የፕሮግራሙ ውጤት ካዘጋጀው ጋር እስኪገጥም እንዲሠራ የሚመክር ክፍል ነበር። ቤክ እ.ኤ.አ. በ1997 ከኤሪክ ጋማ ጋር ከዙሪክ ወደ አትላንታ በሚበር አውሮፕላን ላይ ጄዩኒት የተባለውን የፍተሻ መሣሪያ ጀመረ። መሣሪያው በጃቫ ቋንቋ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የዕለት ተዕለት ጓዝ ሆነ፤ በሌሎች ቋንቋዎችም አምሳያዎቹ ተሠሩ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የቤክ መጽሐፍ ስለ ስልቱ ሲያስረዳ የሚነሳው ከሰው ስሜት ነው። በእርሱ አመለካከት ይህ አሠራር በፕሮግራም ሥራ ውስጥ ያለውን ፍርሃት መቆጣጠሪያ መንገድ ነው። ፍርሃት ሰውን ያመነታዋል፣ ከባልደረቦቹ ጋር እንዳይነጋገር ያደርገዋል፣ አስተያየት ከመስማት ያሸሸዋል፣ ነጭናጫም ያደርገዋል ሲል ያብራራል። የሥራ ጭንቀት ጉዳይ እንግዲህ በስልቱ ላይ ኋላ የተለጠፈ ነገር አይደለም፤ ከመነሻው አብሮት አለ።

የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን

ስልቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት በጂቡቲና በአዲስ አበባ መካከል የሚያጋጥም ዓይነት ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ፕሮግራም ኮንቴይነር ወደብ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚቆይባቸውን ቀናት እንዲያሰላ ይፈለጋል እንበል። የነጻ ቆይታው ለምሳሌ 8 ቀን ነው፤ የደረሰበት ዕለትም አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ወደቡ የሚሠራው በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያው አስመጪ ግን ማሳሰቢያው በሚያውቀው አቆጣጠር እንዲደርሰው ይፈልጋል።

ስልቱን የሚከተል ባለሙያ አንዲት መስመር ኮድ ከመጻፉ በፊት ጥያቄዎቹን ይደረድራል። የመጀመሪያው ቀላሉ ነው፤ ጥር 1 የደረሰ ኮንቴይነር የመጨረሻ ነጻ ቀኑ ጥር 8 መሆን አለበት። ፍተሻው ይጻፋል፣ ይወድቃል፣ ኮዱ ይጻፋል፣ ያልፋል። ሁለተኛው ወር መሻገርን ይመለከታል፤ ጥር 28 የደረሰው የመጨረሻ ቀኑ የካቲት 5 ነው። ሦስተኛው ዓመት መሻገር ነው። ባለሙያው የሚነቃው እዚህ ላይ ነው፤ ጳጉሜን ስንት ቀን ናት?

ጳጉሜን በሦስት ዓመታት አምስት አምስት፣ በአራተኛው ስድስት ቀን ትሆናለች። ጳጉሜን 2 ቀን 2016 የደረሰ ኮንቴይነር የመጨረሻ ነጻ ቀኑ መስከረም 4 ቀን 2017 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን በነበረችበት በ2015 በዚያው ዕለት የደረሰው ግን ቀኑ የሚያበቃው መስከረም 3 ቀን 2016 ነው። ሁለቱም በጎርጎርሳውያኑ ሴፕቴምበር 14 ላይ ይውላሉ። ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም በ2015 ለአስመጪው የአንድ ቀን የተሳሳተ ተስፋ ይሰጠዋል። አስመጪው መስከረም 4 ሲመጣ ክፍያው መቁጠር ጀምሯል።

የዚህ ስህተት ክፋቱ ለዓመታት ተደብቆ መኖሩ ነው። በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይሠራል። ስህተቱ ብቅ የሚለው በ2019 ጳጉሜን እንደገና ስድስት ቀን ስትሆን ነው፤ ያን ጊዜ ኮዱን የጻፈው ሰው በሌላ መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ከኮዱ በፊት የተጻፉት ሁለት ፍተሻዎች ግን ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀን አንስተው መልሰውታል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የሰዓቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ጂቡቲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ አጠራራቸው ግን በ6 ሰዓት ይለያያል። በወደቡ ሰነድ 8 ሰዓት የተባለው ጠዋት፣ ለኢትዮጵያዊው የመኪና አሽከርካሪ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ይህን የሚያረጋግጥ አንድ ፍተሻ መኖሩ መኪናው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ እንዳይደርስ ይጠብቃል።

ጭንቀቱን በምን መንገድ ያቃልላል?

የመጀመሪያው ጥቅም ትልቁን ፍርሃት ወደ ትንንሽ ጥያቄዎች መከፋፈሉ ነው። ሙሉ የወደብ ክፍያ ሥርዓት ሥራ የተባለ ሰው ከየት እንደሚጀምር ሊጨንቀው ይችላል። ጥር 1 የደረሰ ኮንቴይነር መቼ ያበቃል የሚለውን ጥያቄ ግን በአምስት ደቂቃ ይመልሰዋል። ከእያንዳንዱ አረንጓዴ ምልክት በኋላ ቢያንስ እስከዚህ ድረስ ያለው ይሠራል የሚል መሬት ይረግጣል።

ሁለተኛው የማስታወስን ሸክም ከጭንቅላት ማውረዱ ነው። ፍተሻ የሌለው ባለሙያ የጳጉሜንን፣ የሰዓቱን፣ የክፍያውንና የሌላውንም ደንብ ሁሉ በአእምሮው ይዞ መዞር አለበት። አንዱን ቢረሳ ማንም አያስታውሰውም። ፍተሻዎቹ ከተጻፉ ግን የማስታወሱ ሥራ የማሽኑ ነው፤ ደንብ በተጣሰ ቁጥር በሴኮንዶች ውስጥ የትኛው እንደተጣሰ ይናገራል። በካራሴክ አነጋገር ብንወስደው፣ የተጠየቀው ሥራ ባይቀንስም ልጓሙ ወደ ሠራተኛው እጅ ይመለሳል።

ሦስተኛው ሥራን አቁሞ ወደ ቤት መሄድ መቻል ነው። ቤክ ለብቻው ለሚሠራ ሰው የሰጠው ምክር አለ፤ የዕለቱን ሥራ ስትጨርስ አንድ የወደቀ ፍተሻ ትተህ ሂድ ይላል። በማግስቱ ስትመለስ ከየት እንደምትጀምር ቀዩ ምልክት ያሳይሃልና፣ ሌሊቱን ሙሉ በሐሳብህ ይዘኸው ማደር አይኖርብህም። በቡድን ለሚሠራ ሰው ምክሩ ተቃራኒ ነው፤ ሌሎች በኮዱ ላይ ስለሚሠሩ ሁሉም ፍተሻዎች አረንጓዴ ሆነው ይታደሩ። የሁለቱም ዓላማ አንድ ነው፤ ሥራው የት እንደቆመ በግልጽ ይታወቅ።

አራተኛው በሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት ይመለከታል። በጂቡቲ የሥራ ቋንቋዎቹ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ በሶማልኛና በአፋርኛ ይነጋገራል። የአዲስ አበባው ባልደረባ አማርኛና እንግሊዝኛ ይጠቀማል። በዚህ መካከል ነጻ ቀኑ ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል የሚለው በስልክ የተነገረ ቃል በቀላሉ ይዛባል። ይህ ቀን ከገባ ያ ቀን ይውጣ የሚል ፍተሻ ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። አንዱ ወገን በሚያርፍበት ቀን ሌላው ለውጥ ማድረግ ቢያስፈልገው፣ የሚጠይቀው ሰው ባያገኝ እንኳ የሚጠይቀው ፍተሻ አለው። ስህተት ሲገኝም የሚከሰው ማሽኑ ስለሆነ፣ ባልደረባ በባልደረባው ፊት የሚሸማቀቅበት አጋጣሚ ይቀንሳል።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ከስልቱ ጋር በተያያዘ በብዛት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው፣ በአይቢኤምና በማይክሮሶፍት አራት ቡድኖች ላይ የተደረገው ነው። ስልቱን የተከተሉት ቡድኖች ምርቱ ከመውጣቱ በፊት የተገኙባቸው ስህተቶች፣ ስልቱን ካልተከተሉ ተመሳሳይ ቡድኖች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከ40 እስከ 90 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ይህ ግን በነጻ አልመጣም። የቡድኖቹ ኃላፊዎች እንደገመቱት መጀመሪያ ላይ ሥራው የወሰደው ጊዜ ከ15 እስከ 35 በመቶ ጨምሯል።

ጭንቀትን በቀጥታ የሚመለከት ማስረጃም አለ። ኒኮል ፎርስግረን፣ ጄዝ ሃምብልና ጂን ኪም እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ በሺህዎች ከሚቆጠሩ የዘርፉ ባለሙያዎች የሰበሰቡትን መረጃ ተንትነዋል። ፍተሻን ለማሽን መስጠትን ጨምሮ ሶፍትዌርን በትንሽ በትንሹ፣ በተደጋጋሚ ለተጠቃሚ የማድረስ ልማዶች ያሏቸው ቡድኖች፣ አዲስ ሥሪት በሚያወጡበት ጊዜ የሚሰማቸው ጭንቀትም ሆነ በሥራ መዛል አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ መለየት የሚገባው ነገር አለ፤ ይህ ግኝት ስለ ማሽን ፍተሻ በጥቅሉ እንጂ ፍተሻው ከኮዱ በፊት መጻፍ አለበት ስለሚለው አይደለም።

ተቃራኒውን የሚያሳዩ ግኝቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበ፣ በጀማሪ ባለሙያዎች ስሜት ላይ ያተኮረ ጥናት ተሳታፊዎቹ በዚህ ስልት መሥራትን ከለመዱት መንገድ ያነሰ እንደወደዱትና ፍተሻ መጻፉ እንዳላስደሰታቸው አሳይቷል። ዳቪዴ ፉቺና ባልደረቦቹ በሙያው ላይ ባሉ ሰዎች ያደረጉት ሌላ ጥናት ደግሞ ለውጤቱ ወሳኝ ሆኖ ያገኘው ፍተሻው መቅደሙን ሳይሆን ሥራውን በጥቃቅንና በተመጣጠኑ እርምጃዎች መከፋፈሉን ነው።

እነዚህ ግኝቶች ሲደመሩ የሚሰጡት ሥዕል የተመጣጠነ ነው። ስልቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሸክም ይመስላል፤ ዕረፍቱ የሚመጣው ፍተሻዎቹ ተጠራቅመው ጥበቃ መስጠት ሲጀምሩ ነው። ከልምዱ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም በትንሽ እርምጃ መሄድና ውጤቱን ቶሎ ማወቅ ይመስላል።

የሚነሱበት ትችቶች

በባለሙያዎች ዘንድ ከፍተኛ ክርክር የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ የፈጠረው ዴንማርካዊው ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን ስልቱ ሞቷል ሲል ጻፈ። ፍተሻን አልተቃወመም፤ ፍተሻን የማስቀደም ግዴታ ግን ፕሮግራሙን አላስፈላጊ በሆነ መንገድ እንደሚያወሳስበውና ያልተከተሉት ባለሙያዎች እንደ ጥፋተኛ እንዲቆጠሩ ማድረጉን ተቸ። በዚያው ዓመት ከኬንት ቤክና ከማርቲን ፋውለር ጋር በተከታታይ ባደረጉት ውይይት፣ ስልቱ ለሁሉም ሥራና ለሁሉም ሰው እኩል እንደማይስማማ ቤክም ተቀብሏል።

ትችቱ ከጭንቀት ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ጭንቀትን ለማቃለል የመጣ ልማድ አለቃ የሚቆጣጠርበት ቁጥር ከሆነ ራሱ ጭንቀት ይሆናል። ይህን ያህል በመቶ የሚሆነው ኮድ ፍተሻ ይኑረው የሚል ትእዛዝ ሲወርድ፣ ሠራተኞች ቁጥሩን ለመሙላት ብቻ ምንም የማይፈትሹ ፍተሻዎችን ይጽፋሉ። ከመጠን በላይ የበዙ፣ ኮዱ በጥቂቱ በተነካ ቁጥር ያለ ምክንያት የሚወድቁ ፍተሻዎችም የሐሰት ማንቂያ እንደሚያሰማ ደወል ናቸው፤ ውሎ አድሮ የሚሰማቸው ይጠፋል።

ያረጀ ኮድ ያለበት ቡድን ከየት ይጀምር?

አብዛኛው ባለሙያ ሥራ የሚጀምረው ከባዶ አይደለም። ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ፣ ፍተሻ የሌለው ኮድ ይረከባል። ማይክል ፌዘርስ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ኮድ የሰጠው ትርጓሜ አጭር ነው፤ ያረጀ ኮድ ማለት ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ፍተሻ የሌለው ኮድ ነው።

ለዚህ ሁሉ ኮድ በአንድ ጊዜ ፍተሻ እንጻፍ ማለት አይቻልም፤ ቢቻልም ቡድኑን ያደክማል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የሚመክሩት መነሻ፣ ስህተት የተገኘበትን ቦታ ነው። አንድ ደንበኛ ደረሰኙ ተሳስቷል ብሎ ሲያመለክት፣ ኮዱን ለማረም ከመቸኮል በፊት ስህተቱን ደግሞ የሚያሳይ ፍተሻ ይጻፋል። ፍተሻው ይወድቃል፤ ስህተቱም ተይዟል ማለት ነው። ከዚያ ኮዱ ታርሞ ፍተሻው ሲያልፍ፣ ያ ስህተት ተመልሶ ቢመጣ ወዲያውኑ ይታወቃል። በሌሊት የተቀሰቀሰ ሰው በዚያው ጉዳይ ሁለተኛ እንዳይቀሰቀስ የሚረዳው ይህ ልማድ ነው።

ሌላው መነሻ አንድን ኮድ ከመለወጥ በፊት አሁን የሚሠራውን ሥራ እንዳለ በፍተሻ መመዝገብ ነው። ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ለጊዜው ይቆያል። ዓላማው ለውጥ ሲደረግ የትኛው ባሕርይ እንደተቀየረ ማወቅ ነው። በገንዘብ፣ በጉምሩክ ቀረጥና በቀን ስሌት ላይ የሚሠሩ ክፍሎች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል፤ ስህተታቸው ወዲያውኑ ሰው ይጎዳልና።

ስልቱ የማይፈታው

ፍተሻ የሚመልሰው ባለሙያው የጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነው። የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን መኖሩን ያላሰበ ሰው ፍተሻም አይጽፍለትም። ስለዚህ ደንቡን ከሚያውቁት፣ ከትራንዚተሩ፣ ከወደብ ሠራተኛውና ከሒሳብ ሹሙ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን የሚተካ አይደለም። የኢንተርኔት መስመር መቋረጥን፣ የኤሌክትሪክ መጥፋትን ወይም የሌላ ድርጅት ሥርዓት መቆምንም አያስቀርም።

ከሁሉም በላይ የአስተዳደር ጉድለትን አያክምም። ሦስት ሰው የሚሠራውን ለአንድ ሰው የሚሰጥ፣ የማስረከቢያ ቀኑን ባለሙያውን ሳይጠይቅ የሚወስን፣ በዕረፍት ቀን ስልክ መደወልን እንደ ልማድ የያዘ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ የቱንም ያህል ፍተሻ ቢጽፉ ያደክማቸዋል። በአይቢኤምና በማይክሮሶፍት ቡድኖች የታየው የጊዜ ጭማሪ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ አለቃው ያን ጊዜ ካልፈቀደ ስልቱ ተጨማሪ የምሽት ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ጊዜው ሲሰጥ ግን የሚገኘው ለውጥ የሚታወቅ ነው። ኮዱን የነካው ሰው ምን እንዳበላሸ በሴኮንዶች ውስጥ ያውቃል፤ ያላበላሸውንም እንዲሁ። በዶራሌ ክሬኖቹ ዓርብ ሌሊትም ይሠራሉ፤ መኪኖቹም በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይሻገራሉ። ሐሙስ ማታ ፍተሻዎቹን አስኪዶ አረንጓዴውን አይቶ ኮምፒውተሩን የዘጋው ባለሙያ ስልኩ ፈጽሞ አይጠራም ብሎ መተማመን አይችልም። ቢጠራ ግን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ እስኪጠራ ድረስም መተኛት ይችላል።